ቆሞ የከረመ መኪና፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቆመ መኪና ናቸው፣ አይገርምም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከዛ ደግሞ በዛው አመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቆ የመለዋወጫ ዋጋ ሲንር፣ ድሮ "ይሄን ቆርቆሮ ከግቢ አውጡልኝ" ይባል የነበረውን ቮልስና ላዳ ባለቤቱ ሸራውን ገልጦ እንደገና እያየው ነው። እኔ በጣም ደስ ይለኛል። እነዚህ መኪኖች ኮምፒዩተር አይጠይቁም፣ በካቻቢቴና በፒንሳ ይፈታሉ፣ እያንዳንዱ ነገራቸው በአይን ይታያል። ብቻ መቸኮል አይገባም፣ እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አጎቴ ካረፈ በኋላ ቮልሱ ለኔ ተሰጠችኝ፣ 1300 ናት፣ ግን ከ8 አመት በላይ ግቢ ዛፍ ስር ቆማለች። ጎረቤታችን ያለ መካኒክ ባትሪ ግዛ፣ 5 ሊትር ቤንዚን ጨምርባት፣ ከዛ ገፍተን እናስነሳታለን አለኝ። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያወጣሁ መስራት ነው የምችለው። ከምን ልጀምር? (ከኮልፌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጎረቤትህን እንዳትሰማው። ገፍቶ በሁለተኛ ማርሽ ማስነሳት ትናንት ባትሪ ለጨረሰ መኪና ነው እንጂ 8 አመት ለቆመ አይሆንም። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የነበረው ዘይት ወርዶ ደርቋል፣ ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት) በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ስትገፉ የመኪናው ክብደት በሙሉ በጎማ በኩል መጥቶ ሞተሩን በግድ ሲያዞረው ፋሻ ይሰበራል ሲሊንደር ይጫራል፣ ያኔ በትንሽ ብር ሚያልቅ የነበረው ስራ ሞተር ማውረድ ይሆናል። ቆሞ በመክረሙ ብቻ የሞተ ሞተር ብዙ አላየሁም፣ ለማስነሳት ሲጣደፉ የገደሉት ግን በየጋራዡ አለ።

ስለዚህ ባትሪውን አሁን አትግዛ። ኮፈኑን ክፈትና አራቱንም ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ፍታ፣ ከመፍታትህ በፊት ግን ገመዶቹ የትኛው ከየት እንደመጣ በወረቀት ምልክት አድርግ፣ የቮልስ የእሳት ተራ (ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል) 1-4-3-2 ነው፣ ከተምታታ ስትደክም ትውላለህ። በየካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምርና አሳድረው፣ ሁለት ቀን ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው። ከዛ ማርሹን ባዶ አድርገህ ዲናሞው ላይ ያለውን ፑሊ (ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ብረት) በ21 ቁጥር ቁልፍ ይዘህ በእጅህ ቀስ ብለህ ወደ ሰአት አዟዟር አዙረው። ካንዴላ ስለሌለበት ቀላል መሆን አለበት። እንቢ ካለህ አትታገለው፣ ዘይት ጨምረህ ተወውና በማግስቱ ሞክር፣ እጅህ ላይ ሻካራ ነገር ከተሰማህም አቁም። ሁለት ሶስት ዙር በነፃነት ከዞረልህ የስራው ግማሽ ተሳክቷል ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገርህ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በንፋስ ነው፣ ከዲናሞው ኋላ ያለው ቬንቲላተር ንፋሱን በላሜራው (ሞተሩን በሸፈነው ቆርቆሮ) መሀል አድርጎ ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። ግቢ ውስጥ የቆመ ቮልስ ላሜራ ውስጥ ደግሞ አይጥ ቤት ይሰራል፣ ሳር፣ ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የዛፍ ቅጠል ሁሉ ጠቅጥቆ ታገኘዋለህ። ከውጭ አይታይም። ሞተሩ ተነስቶ ቆንጆ ይሰራል፣ አንተም ደስ ብሎህ ሰፈሩን ትዞራለህ፣ ከዛ ውስጥ ለውስጥ ተቃጥሎ ይቀራል። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር፣ በቆዩት ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው እዛው ላሜራ ውስጥ ከፊቱ ስለቆመ ንፋሱ ሞቆ ነው የሚደርሰው፣ ጭስ አስወጪ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ላሜራውን ማስፈታት የግማሽ ቀን ስራ ቢሆንም አስፈታው፣ ብሩ ባይኖርህ እንኳ ለዚህ ተበደር እልሃለሁ።

ቀጥሎ ዘይት። የዘይት መለኪያዋን አውጥተህ አሽትተው፣ ቤንዚን ቤንዚን ካለህ የቤንዚን ፓምፑ ሜምብራን (ውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን) ተቀዶ ወደ ሞተር እያፈሰሰ ነው፣ እሱን ሳትቀይር አታስነሳ። ሽታ ኖረም አልኖረም ዘይቱ ይቀየራል፣ 2.5 ሊትር ብቻ ነው የምትይዘው፣ ፊልትሮ የላትም፣ ከስር ያለችውን ወንፊት አውጥተህ በቤንዚን አጥበህ ጓርኒሲዮኗን (እንዳያፈስ መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀይር። ወንፊቷ ላይ ብረት ብናኝ ካየህ ፎቶ አንስተህ ለሚያውቅ ሰው አሳይ።

ቫልቭ ማስተካከል ራስህ ልትማረው የሚገባ ስራ ነው። ሞተሩ ፍፁም ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ በጎን በኩል ከስር ያለውን የቫልቭ ክዳን የያዘችውን ሽቦ በካቻቢቴ ገፋ ስታደርጋት ክዳኑ ይወርዳል፣ ዘይት ስለሚንጠባጠብ ጨርቅ ስር አድርግ። የምትሰራበት ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቭ ሲዘጉ በቫልቩና በማስተካከያው ብሎን መሀል 0.15 ሚሊ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ታስገባለህ፣ ሲጎተት ትንሽ የሚይዝ ግን የማይጣበቅ መሆን አለበት። ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ይቃጠላል። ትንሽ ከሰፋ ግን ኳ ኳ ይላል እንጂ ቶሎ አይጎዳም፣ ስለዚህ ከተጠራጠርክ ወደ ሰፊው አድላ።

እሳቱን በተመለከተ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክፈትና ፑንቲናውን (እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን) እይ፣ ቆሞ ሲከርም ፊቱ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ይይዛል፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት አሽተህ በንፁህ ወረቀት ጥረገው፣ ክፍተቱን 0.4 ሚሊ አድርገው። ካንዴላ ደግሞ 0.6 ወይም 0.7። ይሄን ብቻ አርገው የተነሱ ቮልሶች አሉ።

የድሮውን ቤንዚን ከሰልባቲዮው (ከቤንዚን ታንከሩ) ሙሉ በሙሉ አስወጣ። የቤንዚን ቱቦዎችን ግን "ይሄ ደህና ነው" ሳትል ሁሉንም ቀይር፣ አዲስ ፋሼታም (የቱቦ ማሰሪያ) አድርግባቸው፣ ደረቅ ጎማ ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ይሰነጠቃል፣ የሚንጠባጠበው ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩና ዲናሞው አጠገብ ነው። አሮጌ ቮልስ በእሳት ሲነድ ካየህ አብዛኛውን ግዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ስታስነሳት እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ።

ያኔ ባትሪ ከሰው ተዋስ፣ መግዛቱ ይቆይ። ስትነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት መብራት ነው የምታየው፣ አረንጓዴው የዘይት ግፊት ነው፣ በቶሎ መጥፋት አለበት። ቀዩ የዲናሞው ነው፣ እየሄድክ ቀዩ ከበራ ባትሪ አይሞላም ብለህ አትለፈው፣ ዲናሞውንና ቬንቲላተሩን የምታዞረው ቺንጋ አንድ ናት፣ ቺንጋዋ ተበጥሳ ከሆነ ሞተሩ ንፋስ አያገኝም፣ እዛው ቆመህ አጥፋ።

ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ጥቁር ጥላሸት ከያዘብህ ወዲያው ፋሻ ነው አትበል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሶስት አራተኛ አካባቢ ነው፣ ፋብሪካው ለቆላ ያስተካከለው ካርብሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካርብሬተር የሚያውቅ ሰው አነስ ያለ ዚጊለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ካገባልህ ሚኒሞውንም (ቆሞ ሲሰራ ያለውን የሞተር ዙር) ካስተካከለልህ ጉልበቷም ቤንዚኗም ይሻሻላል።

ፍሬኑን ለመጨረሻ ያቆየሁት ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም፣ ካለህ ብር ትልቁ ድርሻ የሚሄደው እዛ ስለሆነ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል፣ ያ ውሃ በአመታት ውስጥ ማስተሩን (ፔዳሉ የሚገፋውን ዋናውን የፍሬን ሲሊንደር) እና የየጎማውን የፍሬን ሲሊንደር ከውስጥ ያዝገዋል፣ ጎሚኒው (ውስጡ ያለው ማሸጊያ ጎማ) ይደርቃል። ፔዳሉ ስትረግጠው ጠንካራ መስሎህ መንገድ ላይ ድንገት ወለል ይነካል። አራቱንም ታምቡር አስከፍት (የኋላው 36 ቁጥር ነው፣ በጣም ስለሚጠብቅ ረጅም ቧንቧ ያስፈልጋል)፣ የፍሬን ሸራው ዘይት ነክቶት ከሆነ አጥበህ አትመልሰው፣ ቀይረው። የጎማ ቱቦዎቹም ከውስጥ ስለሚያብጡ ከረገጥከው በኋላ አይለቁም፣ እነሱንም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ በር፣ መስታወት፣ ዲናሞ፣ ካርብሬተር ሳይቀር መግዛት ትችላለህ፣ እኔም አበረታታለሁ፣ የፍሬን እቃ ግን ያገለገለ አይገዛም። አየር ስታስወጣ ከማስተሩ ከሚርቀው ከቀኝ ኋላ ጀምር፣ ከዛ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ከግቢ ከመውጣትህ በፊት ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ሙሉ ረግጠህ ያዘው፣ ቀስ እያለ ከሰመጠ አልተዘጋጀችም።

ቀለምና የወንበር ልብስ አልጠየቅከኝም፣ ጎሽ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሰው ለ4 አመት የቆመ ቶዮታ ዲኤክስ በጥሩ ዋጋ እየሸጠልኝ ነው። መኪናው በስሙ አይደለም፣ ግን ከባለቤቱ ውክልና አለኝ ይላል፣ ባለቤቱ አርጅተው ክፍለ ሀገር ናቸው አለኝ። ሞተሩስ ምን ምን ልይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱ። በኛ አገር ህግ ውክልና የሰጠው ሰው ከሞተ ውክልናው ያበቃል፣ ስለዚህ "አርጅተው ክፍለ ሀገር ናቸው" የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተሽ ብር እንዳትሰጪ፣ ሰውየውን በስልክም ቢሆን አግኚያቸው፣ ካረፉ ደግሞ የሚሸጡልሽ ወራሾቻቸው ናቸው፣ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያወጡ። ቆሞ የከረመ መኪና የሚሸጥበት ምክንያት አንዳንዴ ይሄው የወረቀት ጣጣ ነው፣ መኪናው ጤነኛ ሆኖ ስም ማዛወር አቅቷቸው የቆመ ብዙ አለ። ውክልናው መሸጥን በግልፅ ይጨምራል ወይ፣ መኪናው ላይ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለ ወይ፣ ያልታደሰ ቦሎና ቅጣት ስንት ተጠራቅሟል፣ እነዚህን መንገድ ትራንስፖርት ሄደሽ ፋይሉን አስወጥተሽ ጠይቂ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ራሱ ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፣ ሞተር ተቀይሮ ሳይመዘገብ የቀረ በጣም ብዙ ነው። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፣ ብሩም ያኔ ይከፈል፣ ቀብድ ራሱ በደረሰኝ።

ሞተሩ ላይ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠሽ እይው፣ ቡና በወተት የመሰለ አረፋ ካለበት ውሃ ገብቷል፣ የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ጓርኒሲዮን ነው ወይ ቴስታታው ራሱ ጠሟል። ራዲያተሩ ውስጥ ቀይ ዝገት ካለም ለአመታት ተራ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው። ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ በሩ ስርና ጎማ ዙሪያ አስጠጊው፣ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (ቀዳዳ የተደፈነበት ልስን) ነው። ምንጣፉንም ገልጠሽ ወለሉን እይ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዲኤክስ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ሞተሩ አንድ አይደለም። 4ኬ ከሆነ የቫልቮቹን ስራ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማው ካቴና ነው፣ 2ኤ ወይም 2ኢ ከሆነ ግን በካቴናው ፈንታ ታይሚንግ ቺንጋ አለው፣ ቺንጋው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ሲከርም ይደርቃል። ሻጩ "አሁን ላስነሳልሽ" ቢልሽ ቺንጋው ሳይቀየር አይሆንም በይው፣ ወይም ከተበጠሰ ኪሳራው የሱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ውድ ልጄ፣ ከድሮ ጀምሮ ታክሲ ስሰራባት የነበረች ላዳ አለችኝ፣ ጡረታ ስወጣ አቆምኳት። ልጆቼ ዘይትና ባትሪ ቀየሩልኝ፣ ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ እሳትም አለ። ካርብሬተሩ ላይ ቤንዚን ጠብ ሲደረግባት ትነሳና ወዲያው ትጠፋለች። መካኒኩ ካርብሬተር ግዙ ይላል። (ከደሴ)

መልስ፦ አባቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ገና አይግዙ። ቤንዚን ጠብ ሲደረግ ከተነሳች እሳቱም ኮምፕሬሽኑም ደህና ነው፣ ችግሩ ቤንዚን አለመድረሱ ነው፣ የት ላይ እንደቀረ ለማወቅ ደግሞ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ካርብሬተሩ ላይ የሚገባውን ቱቦ ያስነቅሉና ጠርሙሱ ውስጥ ይክተቱት፣ እሳት እንዳይነሳ የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ኃይለኛ እሳት የሚያመነጨውን) ገመድ ያስወልቁ፣ ልጆቹ በሞተሪኖ ያዙሩት። ቤንዚኑ ጪር ጪር እያለ ከመጣ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ካርብሬተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ ተጣብቃ ወይም ዚጊለሩ ተዘግቶ ነው፣ እሱም ቢሆን ፈቶ በንፁህ ቤንዚንና በኮምፕረሰር ንፋስ ማጠብ ነው እንጂ አዲስ አያስገዛም። ዚጊለሩን ግን በሽቦ እንዳይወጉት ይንገሩልኝ፣ ቀዳዳው ከሰፋ ለሁልግዜ ቤንዚን በላተኛ ትሆናለች።

ምንም ካልመጣ ፓምፑ ጋ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ንፁህ ቤንዚን ያለበት ጄሪካን ውስጥ ያስገቡትና ይድገሙት። አሁን ከመጣ ፓምፑም ነፃ ነው፣ የተዘጋው ከሰልባቲዮው የሚመጣው መስመር ነው፣ የላዳ ሰልባቲዮ ኋላ እቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ስለሆነ ለማውረድ አያስቸግርም። ውስጡ ዝገት ካለ አውርደው ያሳጥቡት። ቢያፈስ ግን ማንም ሰው "ልበይድልዎት" ቢል እሺ አይበሉ፣ ባዶ ሰልባቲዮ ውስጥ የቀረው የቤንዚን ጭስ ይፈነዳል፣ ሰው ሞቶበታል። ከጄሪካንም ካልመጣ ፓምፑ ነው፣ አብዛኛውን ግዜ ሜምብራኑን ብቻ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ እኔ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ የአባቴ ቮልስ አዲስ አበባ ቆማለች፣ ወንድሜ እየሰራት ነው። እዚህ የቮልስ እቃ በቀላሉ ይገኛል፣ በሻንጣ ምን ልላክለት? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ከመግዛትህ በፊት ወንድምህ ሁለት ቁጥር ይላክልህ። የሻንሲው ቁጥር ኋላ ወንበር ስር መሀል ላይ ነው፣ ከ1965 እስከ 1969 የፈረንጅ ሞዴል ከሆነች 3ኛው አሃዝ አመቱን ይነግርሃል፣ 118 ብሎ ከጀመረ የ1968 ሞዴል ናት። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ዲናሞው ከቆመበት ስር ነው፣ ፊደሉን ተመልከት፣ ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ወይም ኤቢ 1300፣ ኤች 1500፣ ኤዲ 1600። አባትህ 1300 ነው የገዛሁት ቢሉም በነዚህ ሁሉ አመታት ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ በአባባል እቃ እንዳትገዛ። ባትሪው 6 ቮልት ነው 12፣ ጎማው የሚታሰረው በአምስት ብሎን ነው በአራት፣ ይሄንንም ጠይቅ።

ከዛ የምትልከው ትንንሹንና ጎማ ነክ የሆነውን ነው፣ የካርብሬተር ጓርኒሲዮን ሙሉ ኪት፣ የቤንዚን ፓምፕ ኪት፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ የፍሬን ሲሊንደሮች ሁሉም፣ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ወንፊት ጓርኒሲዮን ደጋግሞ ስለሚያስፈልግ በርከት አድርገው። ቤንዚን የነካው አሮጌ ፓምፕ ወይም ካርብሬተር አውሮፕላን አያሳልፍም፣ አዲስ ብቻ። ላሜራና መከላከያ አትሸከም፣ ቮልስ ጀርመን ማምረት ካቆመች በኋላም ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 በፈረንጅ ስትሰራ ስለነበረ የተቀዳ እቃው አለም ላይ ሞልቷል፣ እዚህም ላሜራ ቀጥቅጦ ከአዲስ ማይለይ አርጎ የሚያወጣ ሰራተኛ አለን።

ጥያቄ፦ ሰልባቲዮ ውስጥ ያለው 20 ሊትር ቤንዚን የ3 አመት ነው፣ አዲስ ብቀላቅልበት አይሆንም? ቤንዚን በዚህ ዋጋ መድፋት አንጀቴ አልቻለም። (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አይሆንም። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ይተንና እንደ ቫርኒሽ የሚሸት ዝልግልግ ነገር ይቀራል፣ እሱ ሞተር ውስጥ ገብቶ ቫልቭ ያጣብቃል፣ ከ20 ሊትሩ በላይ ያስወጣሃል። የተዛገ ብሎን መዘፍዘፊያ አድርገው፣ ክዳን ባለው እቃ ከቤት አርቀህ አስቀምጥ፣ ቱቦ ውስጥ አትድፋው።

ጥያቄ፦ የቆመችው መኪናዬ ጎማ ጥርሱ ገና አዲስ ነው፣ ጎሚስታው ግን ይቀየር አለኝ። ሊሸጥልኝ ብሎ ይሆን? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ጎሚስታው እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ አንቺው ራስሽ አረጋግጪ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ፅሁፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፣ 2314 ካለ በፈረንጅ 2014 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ በአንደኛው ጎን ካላየሽው በሌላኛው ነው ያለው። አስር አመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ምንም ቢሆን መንገድ አይወጣበትም። ከዛ በታች ከሆነም ነፍተሽው ጎኑን በአውራ ጣትሽ ጫን ብለሽ ጥርሶቹ መሀልና ጠርዙ ዙሪያ ደቃቅ ስንጥቅ ካየሽ፣ ወይም መሬት የነካው በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ፣ ቀይሪው። አራቱን ባንዴ ካልቻልሽ መጀመሪያ ሁለት ግዢ፣ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ይሁኑ፣ የተሻሉት ኋላ ይግቡ። ትርፍ ጎማዋንም አስነፊያት፣ እሷም እኩል ነው ያረጀችው።